ባለጓጉንቸሩ እየተጠበቀ ነው

ጥቅምት 6
ከወረቀት ፋብሪካው፣ ጥገና ክፍል

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለአምስት ፋብሪካዎች ዋና ሥራ አስፈጻሚ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ ደህና ናት? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይናገራል።

"ጉብኝቴን እንዴት አየሽው?" ብለህ ጠይቀኸኛል። መቼም ሌሎቹ ጥሩ ጥሩውን ነግረውሃልና እኔ የቀረውን ልንገርህ። አርባ ደቂቃ ቆየህ። ከኋላህ አሥራ አንድ ሰው ተከትሎህ ነበር፤ ቆጥሬያለሁ። ነጭ ሄልሜትህ ላይ አንድም ጭረት አልነበረም። እኔ ከተሰለፍነው መሃል ከግራ ሦስተኛ ቆሜ ነበር። ቺያቤ፣ የብሎን መፍቻ አያያዝ ያስተማርኩህ፣ የመጀመሪያ ቱታህን በልክህ ያሳጠርኩልህ እህትህ እጄን ዘረጋሁልህ፤ አንተም ጨብጠኸኝ "በርቱ" ብለህ አለፍክ። ሠላሳ አራት ዓመት እዚህ ስሠራ አልበረታሁም ኖሯል? ሆድ ባሰኝ፤ አልደብቅህም።

ሁለት ቁጥር ማሽን ዘንድ ስትደርስ ግን ሌላ ሰው ሆንክ። ማሽኑን አስቆምክ፣ ኮትህን አውልቀህ ጸሐፊህን አሸከምካት፣ እጅጌህን ሰብስበህ ከማድረቂያ ሲሊንደሮቹ መሃል እስከ ትከሻህ ገባህ። "ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ይሞቃል፤ ግን ይሄ ማሽን ገና ጉልበት አለው" ስትል ሠራተኛው ሁሉ ሰማ። እኔም በልቤ "ይኸው ወንድሜ" አልኩ። ከዚያ አንዱ ሰዓቱን አሳየህ፤ እጅህን በመሀረብ ጠርገህ እየሮጥክ ወጣህ። ቻው እንኳ አላልክም።

ለምን አትደውይም ላልከው፣ በስልክ የተባለ ነገር ፊርማ የለውም። የፋብሪካው የጭነት መኪና በየሳምንቱ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ሾፌሩ ደብዳቤዬን ያደርስልሃል። አሁን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፋብሪካው ሊዘጋ ነው የሚባለው እውነት ነው? እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ፊቴን ያያል፤ እኔ ደግሞ የማውቀው ነገር የለም።

ሁለት ቁጥር ማሽን አንተ ከወጣህ ወዲህ አልተነሳም። ሰበቡን ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ።

እህትህ

* * *

ጥቅምት 14
ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ስድስተኛ ፎቅ

ለእትዬ፤

ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ ምሳ መብላት አቃተኝ። አማካሪዎቼ ናቸው እንዲህ ያደረጉኝ፦ "እህትዎ መሆናቸው እንዳይታወቅ፤ ዝምድና አለ ይባላል" አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። አፍንጫችን አንድ መሆኑን ማንም ዓይን ያለው ሰው እንደሚያይ አላሰብኩም። አጠገብሽ ስደርስ እንባዬ መጣ፤ ያን ጊዜ አፌ ላይ የተገኘው "በርቱ" ብቻ ነው። ለሁሉም ስለው ስለነበር ሳላስበው ወጣ።

ሥራው እንዴት ነው ላልሽው፣ እትዬ ምን ልበልሽ። ሲሚንቶ ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ሳለሁ ጫማዬ ነጭ ነበር። ጠርሙስ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሳለሁ ቅንድቤ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። ብረት ማቅለጫውን ስመራ ደግሞ እቤቴም ገብቼ የምናገረው በጩኸት ነበር። እዚህ ግን ምንም የሚነካ ነገር የለም። ጠረጴዛዬ ሰፊ ነው፤ ላዩ ላይ ወረቀት ይመጣል፣ እፈርማለሁ፣ ወረቀቱ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት የአሳንሰሩ በር ሲንቋቋ ሰምቼ ግራሶ ፈልጌ ቀባሁት። የጥበቃ ኃላፊው "አንድ ሱፍ የለበሱ ሽማግሌ አሳንሰር ሲነካኩ ታይተዋል" ብሎ በጽሑፍ አመለከተ። ማመልከቻው ለውሳኔ የቀረበው ለእኔ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። መንገር አልነበረብኝም፤ ግን አንቺን መዋሸት አልችልም። እውነት ነው። ቦርዱ ታኅሣሥ 20 ቀን ይወስናል። ሰብሳቢው "ያረጀ ፋብሪካ ነው" ይላሉ፤ እኔ ደግሞ "ሁለት ቁጥር ማሽን አንድ ወር ሳያቋርጥ ከሠራ አላረጀም ማለት ነው" ብዬ ተከራከርኩ። "እንግዲያው አሳዩን" አሉኝ። ሦስት መቶ አሥር ሰው በዚህ ማሽን ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከነዚህ አንዷ አንቺ ነሽ።

እና ይሄ ማሽን ለምን ይቆማል? በየቀኑ የሚመጣልኝ ሪፖርት ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት፦ "ሁለት ቁጥር ማሽን፦ ቆሟል። ምክንያት፦ ባለጓጉንቸሩ እየተጠበቀ ነው።" ደንቡን አውቀዋለሁ። ማሽን ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው ዋናውን ማብሪያ በገዛ ጓጉንቸሩ ይቆልፋል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፤ እሱ ወጥቶ እስኪከፍተው ድረስ ማንም አይነካውም። ጥሩ ደንብ ነው። ግን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ቆልፎ የጠፋ ይሄ ሰው ማን ነው? ታሟል? ተሰዷል? ነገ ሰርኩላር አወጣለሁ።

ወንድምሽ

* * *

ጥቅምት 22

ለወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ምሳህን ብላ።

ሰርኩላርህ ደረሰን። ሥራ አስኪያጃችን በእጁ ይዞት መጣና ከመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ለጠፈው። እሱን አስታወስከው? ምን ብትጠይቀው "ይታሰብበት" ስለሚል ስሙ ይታሰብበት ሆኖ ቀርቷል፤ ለልጆቹም ቢሆን ሌላ መልስ የለውም ይባላል። ለጥፎት ሲያበቃ ሰው ተሰብስቦ አነበበው፦ "ማንኛውም ሰው፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን፣ ያለ በቂ ምክንያት ከሦስት ቀን በላይ በጓጉንቸሩ ማሽን ቆልፎ ቢገኝ፣ ከያዘው የኃላፊነት ቦታ ወዲያውኑ ይነሳል።" አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የማሸጊያ ክፍሏ ኃላፊ ትን ብሏት ውኃ አምጡ ተባለ። በመሃል በላክኸው ማስታወሻ "ሠራተኛው ማስጠንቀቂያዬን በደስታ ተቀበለው የተባለው ለምንድን ነው?" ላልከኝ መልሱ ይኸው ነው። የሳቁበትን ነገር ግን እኔ አልነግርህም።

ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ከደህና ቤተሰብ ነው፤ እናቱንም አውቃት ነበር። ትንሽ ችኩል ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። አልታመመም፣ አልተሰደደም፤ ደመወዙንም በሰዓቱ እየወሰደ ነው።

"ጓጉንቸሩን ለምን አትቆርጡትም?" ብለሃል። ይሄን አንተ ስትጠይቀኝ ደነገጥኩ። ግራ እጄ ላይ የቀሩት ሦስት ጣቶች ናቸው። ማሽኑ ውስጥ ሳለሁ ማን እንዳስነሳው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ጓጉንቸር ለየሰዉ የታደለው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ዕለት ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብለህ ሄልሜትህን ፊትህ ላይ ደፍተህ ስታለቅስ አይቼሃለሁ። "ከዛሬ ጀምሮ የሰው ጓጉንቸር የሚነካ እኔን የነካ ነው" ያልከው አንተ ነህ። ስለዚህ እንጠብቃለን።

እስከዚያው ምን ትሠራላችሁ ላልከው፣ እንጠርጋለን፣ እንወለውላለን።

እህትህ

* * *

ኅዳር 2

እትዬ፤

ሰላምታውን ለሚቀጥለው ደብዳቤ አቆየዋለሁ፤ ተናድጃለሁ።

ትናንት ቦርዱ ፊት ቀርቤ ነበር። "ወር ሙሉ የቆመ ማሽን ይዘህ ነው ፋብሪካው አይዘጋ የምትለን?" አሉኝ። ፊቴ ተቃጠለ። ተነስቼ "ጥፋተኛው ተገኝቶ ከታኅሣሥ 20 በፊት በገዛ እጄ ከቦታው ካላነሳሁት እኔን ሰው አትበሉኝ" አልኩ። ሰብሳቢው በጣም ደስ አላቸው፤ "ቃል በቃል ይመዝገብ" ብለው አዘዙ። "ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን" የሚለውን ሐረግማ እጅግ ወደውት በትልቁ ታትሞ በአምስቱም ፋብሪካዎች እንዲሰቀል ተወስኗል። ስለዚህ እባክሽ አታሹፊብኝ። ጓጉንቸሩ ላይ የታርጋ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩን ጻፊልኝ። ሁለት ጊዜ ጠይቄሽ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ወገብሽ ነው የነገርሽኝ።

ደግሞ ሃያ ስምንት ኩሽኔታ ከማዕከላዊ ግምጃ ቤት ወጥቶ ወደ እናንተ ተጭኗል። ማን ፈቀደ ብዬ ቅጹን አስመጣሁ። ፊርማው የእኔ ነው። መቼ እንደፈረምኩ አላስታውስም፤ ከአሳንሰሩ ማመልከቻ በታች ሳይሆን አይቀርም። ለቆመ ማሽን ኩሽኔታ ምን ያደርግላችኋል?

ቤቴም ሰላም የለም። ሚስቴ ግራጫ ሱሪዬን ልታሳጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አገኘች። የመኪናችን አይደለችም፣ የመሳቢያዬ አይደለችም፣ የሻንጣዬም አይደለችም። "የማን ቤት ናት?" አለችኝ። "አላውቅም" አልኳት። ሃያ ሦስት ዓመት ባል ሆኜ ከዚህ የባሰ መልስ መልሼ አላውቅም። ቁልፏን ከሩቅ አሳየችኝ እንጂ እጄ ላይ አላኖረችም፤ ማስረጃ ናት ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ቆለፈችባት። ስድስት ቀን ሆነን፣ የምንነጋገረው በልጃችን በኩል ነው። "ለአባትሽ እራት ቀርቧል በይው" ትላለች፤ እኔ እዚያው ፊት ለፊቷ ተቀምጬ። እትዬ፣ በእናታችን አጥንት እምልልሻለሁ፣ እኔ የማንንም ቤት ቁልፍ አልያዝኩም።

ወንድምሽ

* * *

ኅዳር 8

ለወንድሜ፤ ለዚያች ለተቀየመችው ለሚስትህም ሰላምታዬ ይድረስ፤

መጀመሪያ ይሄን ደብዳቤ ለእሷ አንብብላት። ራስህ አታንብበው፤ እንዲያውም ስጣትና ራሷ ታንብበው።

እመቤቴ፣ ወንድሜ ብዙ ጉድለት አለበት። ይረሳል፣ ይቸኩላል፣ እግሩን ሳይጠርግ ይገባል። ሌላ ሴት ቤት ግን አይሄድም፤ ቢሄድ ኖሮ ማጠፊያው ላልቷል ብሎ በሯን ፈትቶ ስለሚያስቀምጥ ወዲያው ታባርረው ነበር። ቁልፏ የቤት አይደለችም። በደንብ ያዢያት፣ እንዳትጥያት። ሦስት መቶ አሥር ሰው እሷን እየጠበቀ ነው።

አሁን አንተ አንብብ። ቁጥሩን እስከዚህ ወር አጋማሽ ድረስ ላልነግርህ አስቤ ነበር፤ የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ግን ኩሽኔታ ብዬ ትዳር አላፈርስም። ታርጋው ላይ የተጻፈው ቁጥር 31 ነው።

የሥራ ቦርሳህን ክፈትና እይ። ከዚህ ስትሄድ ያስረከብኩህ አሮጌው ጓጉንቸርህ ቦታው ላይ አለ?

እህትህ

* * *

ኅዳር 11
በልዩ መልእክተኛ

እትዬ፤

የለም።

ቁጥሩን ሳይ መጀመሪያ የማውቀው ቁጥር መሰለኝ፤ የት እንደማውቀው ግን ጠፋኝ። ከዚያ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ጸሐፊዬ ገብታ "ምን ጠፋብዎት?" ስትለኝ "ራሴ" አልኳት፤ እሷም ለራስ ምታት መድኃኒት አመጣችልኝ።

አሁን ሁሉም ትዝ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ያንን ጓጉንቸር ከቦርሳዬ ሳልለየው ይዤው ዞሬያለሁ። ማሽኑን አስቆምኩ፣ እጄ ራሱ ጓጉንቸሩን አውጥቶ ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። አንቺ እንዲህ ነው ያስተማርሽኝ፤ ሳይቆልፉ እጅ ማስገባት ነውር ነው። ስወጣ መክፈትንም አስተምረሽኝ ነበር፤ ግን አሥራ አንድ ሰው "ሰዓት አለቀ" ሲለኝ ነገር ዓለሙን ረሳሁት። ሚስቴ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብባ ቁልፏን ሰጠችኝ። አሁን ስታየኝ ትስቃለች፤ ቢያንስ ግን በቀጥታ ነው የምትስቅብኝ።

አዝኜብሻለሁ። ለአንድ ወር ሰርኩላር ሳወጣ፣ ስፎክር፣ ቦርድ ፊት ስምል ዝም ብለሽ አየሽኝ። ደንቡ እኮ መውጫ አለው፤ ባለጓጉንቸሩ በዚያው ቀን ካልተገኘ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ፣ ማለትም አንቺ፣ በሁለት ምስክር ፊት መቁረጥ ትችያለሽ። የጣትሽን ነገር አንስተሽ አስለቀስሽኝ እንጂ ይሄን አንቀጽ አልነገርሽኝም። ለምን?

ሌላም ነገር አለ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። የሕግ አማካሪያችንን ጠርቼ "አንድ ሰው ሳያውቅ ቢቆልፍስ?" ብዬ ጠየቅኩት። ገባው መሰለኝ። "ሰርኩላሩ የበላይ አመራርን አይመለከትም የሚል ማብራሪያ በሁለት መስመር እናወጣለን፤ ጓጉንቸሩም በጸጥታ ይቆረጣል" አለኝ። አንድ ሙሉ ቀን አሰብኩበት። እዚህ ለመድረስ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ እትዬ። ማብራሪያው ተጽፎ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አልፈረምኩትም፣ አልቀደድኩትምም።

ቁልፏን በመልእክተኛው ልላክልሽ?

ወንድምሽ

* * *

ኅዳር 15

ወንድሜ፤

አሁን ይቅርታ የመጠየቅ ተራው የእኔ ነው።

ልክ ነህ። መቁረጥ እችል ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መቁረጫውን ይዤ ሁለቱን ምስክሮች አቁሜ ማብሪያው ፊት ለፊት ደርሼ ነበር። ከዚያ እጄ ቆመ። ወንድሜ፣ ያንን ማሽን አንጀቱን ዘርግፌ ልጠግነው አራት ዓመት ሙሉ አርባ ቀን ስጡኝ ብዬ ስለምን ኖሬያለሁ። ይታሰብበት "ይታሰብበት" አለኝ። ከእሱ በላይ ላሉት ጻፍኩ፤ "ምርት አይቋረጥም" የሚል መልስ መጣልኝ። ሦስተኛውን እምቢታ የፈረምከው አንተ ነህ፤ ያኔ ገና ወንበሩ ላይ መቀመጥህ ነበርና ከላይ የተጻፈውን ስሜን አላየኸውም። አሁን ደግሞ ይኸው ማሽን በራሱ በዋናው ሥራ አስፈጻሚ ጓጉንቸር ተቆልፎ ቆሞልኛል። ክፈቱ ብሎ የሚያዝ ሰው በምድር ላይ የለም። መቁረጫውን መልሼ ምስክሮቹን "ቱታችሁን ልበሱ" አልኳቸው።

አርባ ቀን ሠራን። ሃያ ስምንቱም ኩሽኔታ ተቀየረ፣ ሲሊንደሮቹ ተፈትተው ታጥበው ተመለሱ፣ የተጣመመው ዘንግ ተቃንቶ ገባ። የማሸጊያ ክፍሏ ኃላፊ ሳትቀር በእረፍቷ ሰዓት መጥታ ስታጥብ ነበር። "እንጠርጋለን፣ እንወለውላለን" ያልኩህ ውሸት አይደለም፤ አሳጥሬው ነው። የኩሽኔታውን ቅጽ ከማይረቡ ወረቀቶች መሃል እንዲገባ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንተ በቶሎ የምትፈርመው የትኛውን እንደሆነ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቃለሁ።

ብነግርህ ኖሮ በማግስቱ እየሮጥክ መጥተህ ትከፍተው ነበር። ማሽኑ አንድ ሳምንት ሠርቶ ይሰበራል፤ ፋብሪካውም ይዘጋል። ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ትንሽ ደግሞ ተቀይሜህ ነበር፤ እሱንም ጨምርበት።

መሳቢያህ ውስጥ ስላለው ወረቀት ምንም አልመክርህም። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የጓጉንቸሩን ባለቤት ያውቃል፤ አንድም ሰው አልተነፈሰም፣ ወደፊትም አይተነፍስም። ይሄን የምልህ ነፃ እንድትሆን ነው። ፈርመህም ብትመጣ ወንድሜ ነህ።

ቁልፏን ግን አትላክ። ቁልፍ በመልእክተኛ ከመጣ ባለቤቱ አልመጣም ማለት ነው። ማሽኑ ከትናንት ጀምሮ ዝግጁ ነው፤ ራስህ ና። አሥራ አንዱን ሰው ተዋቸው።

እህትህ

* * *

ታኅሣሥ 22
ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ለመጨረሻ ጊዜ

ለእትዬ፤

እንደምን አለሽ? ማሽኑስ? የመጣሁ ዕለት ማሽኑ ሲነሳ ጆሮዬን ሲሊንደሩ ላይ ለጥፌ የሰማሁት ነገር አሁንም ከጆሮዬ አልጠፋም። ምንም አይሰማም ነበር እኮ፣ እትዬ! የእነ ማሸጊያ ክፍል ጭብጨባ ባይረብሸኝ ኖሮ እዚያው እቆይ ነበር። መዝገቡ ላይ "ቆልፎ የቆየበት ምክንያት" የሚለው ቦታ ላይ "መርሳት" ብዬ ስጽፍ ከኋላዬ ሆነሽ "የእጅ ጽሑፍህ አልተሻሻለም" ያልሽውንም ሰምቻለሁ።

ስለ ቦርዱ ጠይቀሽኛል። በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ሰብሳቢው ገና ሳይቀመጡ "ጥፋተኛው ተገኘ ወይ?" አሉ።

"ተገኝቷል" አልኩ።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን ከእኔ በፊት አቆሙ። የሕግ አማካሪው አሳለና "ክቡር ሰብሳቢ፣ ሰርኩላሩን በተመለከተ አንድ ማብራሪያ አለ" ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ማብራሪያውን ቀድጄ እናንተ ጋ ለመምጣት የተነሳሁ ጠዋት ነው የጣልኩት። "የለም" አልኩት። ሰብሳቢው የቀድሞው ቃለ ጉባኤ እንዲነበብ አዘዙ። ጸሐፊዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ "ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን" ስትል አንገቴን ደፋሁ። እንደዚያ የሚያምር ዐረፍተ ነገር ሁለተኛ አልጽፍም።

ዋናውን ነገር ማስቀደም ነበረብኝ፣ ይቅርታ። ፋብሪካው አይዘጋም። ሠላሳ ሁለት ቀን አንድ ደቂቃ ያልቆመ ማሽን ፊታቸው ላይ ሳስቀምጥ "ያረጀ" የሚለውን ቃል የደገመው ሰው የለም። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ለሁሉም ንገሪልኝ፤ ከሥራ አስኪያጁ በፊት ንገሪያቸው፣ እሱ ከነገራቸው አይገባቸውም።

ቀጥለው ስለ እኔ ተወያዩ፤ ውጭ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አሳንሰሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፅ አልነበረውም። ስገባ ሰብሳቢው ልስልስ ብለው "በራስዎ ሰርኩላር መሠረት ከዋና ሥራ አስፈጻሚነት ተነስተዋል" አሉኝ። ቦታዬን የብረት ማቅለጫው ኃላፊ ይይዘዋል። ይታሰብበት ደግሞ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛውሯል፤ እዚህ ብዙ የሚታሰብበት ነገር ስላለ ይመቸዋል። በእሱ ፋንታ የወረቀት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሆኜ የተመደብኩት እኔ ነኝ።

እንዴት ተሰማህ ትይኝ ይሆናል። ሲሚንቶ፣ ጠርሙስ፣ ብረት፣ ስድስተኛ ፎቅ እያልኩ ወጥቼ ወጥቼ ወደ ተነሳሁበት ወለል መለሱኝ። ማፈር ነበረብኝ። ቤት እስክደርስ ለማፈር ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ሚስቴ "ደስ ብሎህ ነው እንዴ?" አለችኝ። ደስ ብሎኛል፣ እትዬ። ሕጻን ልጅ እንደሚደሰተው ደስ ብሎኛል። የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከጥር 1 ጀምሮ አለቃሽ ልሆን ነው። እንዴት አድርጌ ነው አንቺን የማዘው?

ወንድምሽ

* * *

ታኅሣሥ 28

ለአዲሱ ሥራ አስኪያጃችን፤

ለሁሉም ነገርኳቸው። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ላይ ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ወገቤ እስካሁን ይወቅሰኛል። ከዚያ የማሸጊያ ክፍሏ ኃላፊ ማልቀስ ጀመረች፤ ሦስት ልጆቿን በዚህ ፋብሪካ ነው ያሳደገችው። ቀጥዬ አንተ ከቦታህ ተነስተህ ወደ እኛ እንደምትመጣ ስነግራቸው ደግሞ ሁሉም አንጀታቸው ተላወሰ፤ ደንቡን ያወጣ ሰው ደንቡ ለራሱ ሲደርሰው ማየት ለካ እንዲህ ልብ ይነካል። ከእነሱ መሃል አንዱ እንኳ አልሳቀም።

እንዴት ነው የማዝሽ ላልከው፣ አታስብበት። በወረቀት አንተ ታዛለህ። ማሽኑ ዘንድ ስትደርስ እኔ አዛለሁ። የማቆሚያ ቀን ስጠይቅ ትፈቅዳለህ፤ ካልፈቀድክ እንደ ቀድሞው እንዲሁ አላልፍህም። ቢሮህን ሄጄ አይቼልሃለሁ፤ ጠረጴዛው ትንሽ ነው፣ አንድ እግሩ ይወላገዳል። አልጠገንኩትም። የምትነካው ነገር እንድታገኝ ብዬ ትቼልሃለሁ።

ጡረታ ልወጣ አሥራ አንድ ወር ቀርቶኛል። ይሄን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም፤ ብነግርህ በዝምድና ታራዝመዋለህ ብዬ ፈራሁ። ስንት ጊዜ ጻፍኩልህ መሰለህ! ሲሚንቶ ፋብሪካ ሳለህ ሳንባህን ጠብቅ ብዬ፣ ጠርሙስ ፋብሪካ ሳለህ ዓይንህን፣ ብረቱ ዘንድ ሳለህ ጆሮህን ጠብቅ እያልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት በፖስታ ነው ያሳደግኩህ። ናፍቀኸኝ ነበር። በቃ፣ ናፍቀኸኝ ነበር፤ ሌላ ሌላውን የምጽፈው ይሄን ላለመጻፍ ነበር።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትጻፍልኝ። ቢሮህ ከእኔ ክፍል በላይ ነው፤ ደረጃው አሥራ ሁለት እርከን ነው። ወርደህ በአፍህ ንገረኝ።

እህትህ